ጥርሴን የነቀልኩበት

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከእቶኑ ፊት ቆሜ፣
ብርጭቆ ስነፋ በትንፋሽ በአቅሜ፣
"ዴልፊም?" ይሉ ነበር የማሪኛ ግራንዴ ሰዎች፣
"ጥርሱን ነቅሎበታል በነዚያ ምድጃዎች።"
ለካስ አፋቸው ሟርት ኖሯል፤
ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በፊት፣ የእውነት ተነቅሏል፦
የታችኛው መንጋጋ፣ ከኋላ ሁለተኛው፣
ሥሩ እንደ ሰፈራችን ጥድ አሸዋ የጨበጠ፣
ሐኪሟ ግራሲንዳ ላብ ላብ ብሏት ስትስብ
አገር ምድሩን ይዞ እየተንገጫገጨ
በስተመጨረሻ አመለጠ።

ፋሻ ነክሼ ስነሳ ጣቷን ቀስራ እንዲህ አለች፦
"ግማሽ ሰዓት ንከሰው። አትትፋ። አትምጠጥ።
ሲጋራም፣ ትኩስም፣ በቀሰም መጠጣትም ይቅር።
ጉድጓዱ ውስጥ የምትረጋው ደም፣
እሷ ናት ክዳንህ፤ ካነሳሃት ግን
አጥንትህ ብርድ ያያል፣ አንተም ታያለህ አሳሩን።"
ከዚያ ክንዴን አየች፣ እሳት የለበለበውን፣
ሥራዬን አስታውሳ ዝም አለች ትንሽ፤
"መንፋትም አይቻልም፣ ዴልፊም። ለሳምንት። አንዲትም ትንፋሽ።"

ዓሣን "አትዋኝ" ብላ ብትፈርድ ይሻል ነበር።

ኢዳሊና በረዶ በፎጣ ጠቅልላ
ጉንጬ ላይ ታኖራለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ደግሞ ታነሳለች፤
ሁለት ትራስ ደርባ፣ ራሴን ከፍ አድርጋ፣
"ተኛ" ትለኛለች፣ "እንደ ጳጳስ ሐውልት፣ ሳትላወስ፣ እስኪነጋ።"
ድንች የተፈጨበት ለብ ያለ ሾርባ
በግራ በኩል ብቻ፣ በጓሮ በር፣ እንደ ሌባ ሲገባ፣
ምላሴ፣ ሥራ ፈቷ፣ ሄዳ ሄዳ እዚያው፣
ትናንት ሰው ከነበረበት ከባዶው ቤት ደጃፍ፣
"ቤቶች!" እያለች ታንኳኳለች በጫፍ።
"ተዪው" እላታለሁ። አትሰማም።

ዓርብ ጨው በለብታ ውሃ። አልጉመጠመጥም፤
አንገቴን ወዲህ ወዲያ አዘነብላለሁ፣
ከዚያ አፌን ከፍቼ ዝም ብዬ እለቀዋለሁ፣
በራሱ ይወርዳል፣ እንደ ሕፃን ለሃጭ።
ይህን ያየች ሚስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
እኔም ልስቅ አልኩና ስፌቱ ሳበኝ።
ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። ይሁን፣ ባዳ ነው።
ድድ ግን የሥጋ ዘመድ ነው፣ እሱ ነው የሚያመው።

ቅዳሜ "ለማየት ብቻ" ብዬ ወደ ፋብሪካ ሄድኩ።
ኖኤሚያ፣ ተማሪዬ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ፣
የቀለጠውን ብርጭቆ በቧንቧው ጫፍ ጠቅልላ
ታዞራለች፣ ታዞራለች፣ ያዘነብልባታል፣
እንደ ማር ሊንጠባጠብ ትንሽ ቀርቶታል፣
እሷ ግን ትንፋሿን ታመነታለች።
አላስቻለኝም።
ቧንቧውን ነጠቅኳት።
አንድ ጊዜ ብቻ ነፋሁ፣
የልደት ሻማ እንኳ የማታጠፋ ትንፋሽ።
አፌ ውስጥ አንዳች ነገር ጠብ አለ፤
ብረት ብረት አለኝ።

እሑድ ሌሊት፣ ወየው ልጄ!
ሕመሙ ጆሮዬን ተከራየ፣ ዓይኔን ተከራየ፣
ጨረቃን የረገመ ሰው ከኔ በፊት ማን ታየ?
ሰኞ ማለዳ ግራሲንዳ በመብራቷ አፌን አየችና
አልተቆጣችም። ጉድጓዱን አጠበች፣
ቅርንፉድ የተነከረ ጨርቅ አጎረሰችው፣
"ከፈትከዋ" አለች። ይኸው ነው።

ያቺ የነፋኋት ብርጭቆ ግን አልተሰበረችም፤
ኖኤሚያ በቀስታ አቀዝቅዛ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ
ቤት ድረስ አመጣችልኝ፦
አንድ ጉንጯ ያበጠ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመች።
"መልክህን ነፋኸው" አለች ኢዳሊና።
አሁን የጨው ውሃዬን የምለካው በሷ ነው፣
ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ፣ ማታ፣
እሷ አጋድላ፣ እኔ አጋድዬ፣
ሁለት ያበጡ ጉንጮች ከመስኮቱ ሥር፣
ሳንነፋ፣ ሳንተፋ፣
ቀን እንቆጥራለን በዝምታ።